ከካንሰር ሕክምና በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ካንሰር የተገኘበት ወጣት ቤተሰብ የሚጨነቀው ለነፍሱ ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም በአላህ ፈቃድ የዳነው ልጅ ነገ ኒካሕ ያስራል፣ ልጅም ይመኛል። ነቢዩላህ ዘከሪያም (ዐ.ሰ) በእርጅናቸው ልጅ ለምነዋል፤ ምኞቱ የሚያሳፍር አይደለም።

የካንሰር መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ስለሚመቱ የወንዱን ዘር የሚያመነጩትንም ይነካሉ። ሴቷ ደግሞ እንቁላሎቿን ይዛ ስለምትወለድ የጠፋው አይተካላትም። እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉ መድኃኒቶችና በዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረር በተለይ ይጎዳሉ። ታካሚ ሁሉ መካን ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ እንደ መድኃኒቱ፣ እንደ መጠኑና እንደ ዕድሜው ይለያያል።

ስለዚህ ጥያቄው ሕክምናው ሳይጀመር ይነሳ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ዘሩ ተወስዶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ናሙናውን መስጠት የሚያሳፍራቸው ወጣቶች አሉ፤ ለሕክምና ግድ ሲሆን ብዙ ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ ያገባውን ሚስቱ ትረዳዋለች። እናት ለልጇ መንገር ካፈረች አጎቱ ይንገረው እንጂ ዝም አይባል።

የሴቷን እንቁላል በመርፌ አብስሎ መውሰድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። አጣዳፊ የደም ካንሰር ይህን ያህል ላይጠብቅ ይችላል፤ ያኔ ነፍስን ማዳን ይቀድማል።

ሸሪዓው የሚጠብቀው ነሰብን ነው። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ጃድ አል-ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1986 ዐማን ላይ፣ ከማህፀን ውጭ የሚደረግን ፅንስ በባልና ሚስት መካከል ብቻ ፈቅደዋል። የሌላ ወንድ ዘር፣ የሌላ ሴት እንቁላል ወይም ማህፀን ሐራም ነው። አካዳሚው በ1990 ደግሞ በየጊዜው ከሚያስፈልገው በላይ እንቁላል እንዳይዳቀል አሳስቧል፤ ያልተዳቀለ እንቁላል ማስቀመጥ ስለሚቻል ማለት ነው። ያላገባች እህት እንቁላሏን ስለማስቀመጧ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

በአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። ለካንሰር ታካሚ ምን ዓይነት አገልግሎት እንዳለና ወጪውን ከሐኪማችሁ ጋር አጣሩ። በየትም ብታስቀምጡ ውሉን አንብባችሁ ፈርሙ፤ ናሙናው ለሌላ እንዳይሰጥ፣ ባለቤቱ ከሞተ ወይም ኒካሑ ከፈረሰም እንዲወገድ በጽሑፍ ይስፈር።