ተማሪዎችን ስለ ሱስ መመርመር ይገባልን?

ልጅን ወልዶ ማሳደግ ከባድ ዐደራ ነው፤ ከክፉ ሱስ መጠበቅ ግን ከዚህም ይከብዳል። ወር በገባ በ1 ቀን በልደታ ማርያም ቅጽር የሚሰበሰቡ እናቶች ከልመናቸው ሁሉ የሚያስቀድሙት የልጆቻቸውን ነገር ነው። ከዚሁ ጭንቀት የተነሣ አንዳንድ ወላጅ፣ «ትምህርት ቤቱ ለምን ሽንታቸውን አስመርምሮ አይለይልንም?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ከመፍረድ መመዘን ይቀድማል።

ይህ ክርክር በአሜሪካ የቆየ ነው። የዚያች አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995፣ በስፖርት የሚካፈሉ ተማሪዎች በዕጣ እየተመረጡ እንዲመረመሩ ፈቀደ፤ በ2002 ደግሞ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ በሚደረጉ ውድድሮች ለሚካፈሉትም አሰፋው። ደጋፊዎቹ፣ «ምርመራው ልጁ ባልንጀሮቹን እንቢ የሚልበት ምክንያት ይሰጠዋል፤ ችግሩም ሥር ሳይሰድ ይታወቃል» ይላሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ ጥቅሙ በበቂ ማስረጃ ስላልተረጋገጠ ምርመራው በየትምህርት ቤቱ እንዲስፋፋ አልደገፈም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ አንደኛው ችግር መሣሪያው ነው። ጫት ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለበት፤ የተለመደው የሽንት መመርመሪያ ግን ይህን ለይቶ እንዲያሳይ የተሠራ አይደለም። የመጠጥም ምልክት በሰዓታት ውስጥ ከትንፋሽ ይጠፋል። በአንጻሩ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ንጹሑን ልጅ በሐሰት ሊያስወነጅል ይችላል። ጥፋተኛውን አሳልፎ ንጹሑን የሚይዝ ወንፊት ምን ይረባል?

ሁለተኛው የሕግ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት እንዲቀድም ያዝዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ትምባሆና አልኮል ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ አስቀድሞ የያዘው ሻጩን እንደ ሆነ እናስተውል፤ በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚሸጠውን ትተን የልጁን ሽንት ብንመረምር፣ በሩን ከፍቶ ሌባ እንደ መፈለግ ነው።

ሦስተኛው የመንፈሳዊ ሥርዓታችን ነገር ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ቅጣት መከልከላቸው ይታወቃል፤ ትምባሆ ግን ከአገር አልጠፋም። ቅጣት ብቻውን ሱስን አይነቅልም። የንስሐ አባትም ይመረምራል፤ ነገር ግን ልጁ ወድዶ ይናገራል፤ ካህኑ ምሥጢሩን ይጠብቃል፤ ቀኖናውም የሚሰጠው ለፈውስ እንጂ ለማዋረድ አይደለም። ፈቃድ፣ ምሥጢርና ፈውስ፣ እነዚህ 3ቱ የሌሉበት ምርመራ ልጁን ከማዳን ይልቅ መደበቅን ያስተምረዋል።

ስለዚህ ተማሪውን ሁሉ በጅምላ መመርመርን አንደግፍም። ምርመራ የግድ ካስፈለገም በሐኪም ዘንድ፣ ልጁ ተነግሮት እሺ ሲል ይሁን፤ ውጤቱም ለማባረሪያ አይዋል። ከትምህርት ቤት የተባረረ ልጅ የሚቀበለው ያው የጫት ቤት ነውና።

ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁን ባልንጀሮች ዕወቁ። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲጠላ፣ ገንዘብ ሲያበዛ ሳትቈጡ ጠይቁት። ከመምህሩና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካከሩ፤ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤትም እጁን ይዛችሁ አድርሱት። ጥያቄያችሁን ሳይፈራ የሚመልስ ልጅ ከግማሽ በላይ ድኗል።

ልደቷን የምናከብርላት እመቤታችን ልጆቻችንን በአማላጅነቷ ትጠብቅልን። አሜን።