የእህቴ ደብዳቤ ከቆሻሻው መሐል ተገኘ

ለመሆኑ ውድ አንባብያን፣ ጧት ተነስታችሁ ኢሜይላችሁን ስትከፍቱ ስንቱ የወዳጅ፣ ስንቱ የሌባ ነው? እኔ አንድ ሰኞ ዕለት ቆጥሬው ነበር። ቅዳሜና እሁድ ከገቡልኝ 74 ደብዳቤዎች ውስጥ ከማውቀው ሰው የመጡት 5 ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። የቀሩት፣ ሳንቲም አስቀምጬበት ከማላውቅ ባንክ «ሒሳብህ ሊዘጋ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ ላልገዛሁት ዕቃ የተላከ ደረሰኝ፣ የክብደት መቀነሻ ኪኒን ማስታወቂያ፣ እንዲሁም ሟች ባሏ የተወላትን ሚሊዮን ዶላር ከሌላ ከማንም ሳይሆን ከእኔ ጋር ልትካፈል የቆረጠች መበለት ነበሩ። ፈረንጆቹ ስፓም የሚሉት ጉድ ይኸው ነው።

ነገሩን የማነሳው ለመሳቂያ ብቻ አይደለም። በዚሁ ጉድና ጉዱን ለመከላከል ባጠርኩት አጥር የተነሳ፣ እናቴ አዲስ አበባ ላይ በሕመም ስትሠቃይ እኔ ሳልሰማ 9 ቀን አልፏል። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ2011 የሆነ ነገር ነው። ስቶክሆልም ከሚኖር የቆየ ወዳጄ ኢሜይል ደረሰኝ። ለሥራ ለንደን ሄዶ መዘረፉን፣ ፓስፖርቱም ስልኩም እንደተወሰደበት፣ የሆቴል ሒሳብ የሚከፍለው እንዳጣ ይነግረኛል። አድራሻው የራሱ ነው። ስሜን ጠርቶ ነው የጻፈልኝ። ሳላመነታ 450 ዶላር በሐዋላ ላክሁ። በማግሥቱ ስደውል ወዳጄ ስቶክሆልም ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል! የይለፍ ቃሉን የሰረቀ ሰው በእርሱ ስም ለምናውቀው ሁሉ ጽፏል። የኢሜይሌ ማጣሪያ አላስቆመውም። ምን ብሎ ያስቆመው? ለዓመታት ስንጻጻፍበት ከኖርነው አድራሻ ነው የመጣው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ እኔም በረየሁ። ማጣሪያውን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። አልበቃኝ ብሎ የራሴን ትእዛዝ ጨመርኩበት። «አስቸኳይ»፣ «ሆስፒታል»፣ «ገንዘብ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉበትና ከማላውቀው አድራሻ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቆሻሻው ሳጥን ይጣል አልኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ ስልኬን የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እንዳይጮህ አደረግሁት። ሰላም አገኘሁ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ታናሽ እህቴ መርካቶ ላይ ቦርሳዋን ተሰረቀች። ስልኳም መታወቂያዋም እዚያው ውስጥ ነበር። ስልኩ ሲሄድ ቫይበሩም ቴሌግራሙም አብሮ ሄደ። ኢሜይሏን በሌላ ኮምፒዩተር ልትከፍት ብትሞክር የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ለዚያው ለተሰረቀው ስልክ ሆነ። በዚሁ ሳምንት እማዬ በሐሞት ጠጠር ታማ ተኛች። የግል ሆስፒታሉ ኦፕራሲዮን ከመደረጓ በፊት 60,000 ብር ይያዝ አለ።

እህቴ በባልደረባዋ ስልክ ሁለቴ ደወለችልኝ። የማላውቀው ቁጥር ነውና ስልኬ ዝም አለ። በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ አዲስ አድራሻ ከፍታ ጻፈችልኝ። ኮምፒዩተሩ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው የጻፈችው። ርእሱ በእንግሊዝኛ «አስቸኳይ» ይላል። የሆስፒታሉን የክፍያ ወረቀት ፎቶግራፍ አያይዛለች። ከሥሩ ገንዘቡ የሚላክበት የባንክ ቁጥር አለ። እስቲ ፍረዱ፤ አዲስ አድራሻ፣ አስቸኳይ፣ ሆስፒታል፣ ገንዘብ፣ የተያያዘ ፋይል። ሌባ ቢጽፈው ከዚህ የተለየ ምን ይጽፍ ነበር?

በዘጠነኛው ቀን የአውሮፕላን ቲኬት ደረሰኝ ጠፍቶብኝ የቆሻሻውን ሳጥን ስፈትሽ ሦስቱንም ደብዳቤዎቿን አንድ ላይ አገኘኋቸው። ከላይ መበለቲቱ፣ ከታች ኪኒኑ፣ መሐሉ ላይ እህቴ። ሦስተኛው ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ወንድም ጋሼ፣ ታመህ ነው ወይስ ጨክነህ?»

እማዬ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እህቴ የእቁብ ዕጣዋ እንዲቀደምላት ለምና፣ የጎደለውን በአንገት ሐብሏ ሞልታ ከፍላ ኖሯል። ገንዘቡን ወዲያው ላክሁ። ሐብሉ ግን የአያታችን ነበር፤ ከተሸጠ በኋላ ተፈልጎ አልተገኘም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። በለንደኑ ሌባ ጥፋት የተቀጣችው እህቴ ሆነች።

ይህ መዓት ከየት መጣ? ያልተጠየቀ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር መላክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ጋሪ ቱርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ሠራተኛ፣ የዛሬው ኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት ላይ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች የኮምፒዩተር ማስታወቂያ በተነ። ስፓም የሚለውን ስም ዓለም ያወቀው ግን በ1994 ሲሆን፣ ይህኛው እኛን በቀጥታ ይነካናል። በአሪዞና ጠቅላይ ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ካንተርና ሲገል፣ ዩዝኔት ይባሉ በነበሩት በሺህ የሚቆጠሩ የመወያያ መድረኮች ላይ አንድ ማስታወቂያ በተኑ። ስለ ምን? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ! በዚያን ጊዜ በፖስታ በነጻ ይላክ ለነበረው ማመልከቻ እኛን ክፈሉን ነበር ነገሩ። ከዚያ ወዲህ «ዲቪ ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ላክ» የሚል የሐሰት ኢሜይል ስንቱን ወገናችንን እንዳቄለ የምታውቁት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዕድለኞች መመረጣቸውን በኢሜይል አያበስርም፤ አመልካቹ ራሱ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ገብቶ ማየት ነበረበት።

ለመከላከል ያልተሞከረ የለም። አሜሪካ በታኅሣሥ 2003 ካን ስፓም የተባለውን ሕግ አወጣች። ሕጉ ማስታወቂያ ላኪው እውነተኛ አድራሻውን እንዲጽፍ፣ አልፈልግም ያለውን ሰው ከዝርዝሩ እንዲሰርዝ ያዛል። የሚታዘዘው ግን ሕግ አክባሪው ነጋዴ ነው፤ ሌባ መቼ አድራሻውን ጽፎ ያውቃል? በጥር 2004 ቢል ጌትስ ዳቮስ ላይ ስፓም በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብለው ነበር። ሁለቱ ዓመት ካለፈ ስንት ዘመን ሆነው!

ከሁሉ የተሻለው ዘዴ የመጣው ከሒሳብ ነው። በ2002 ፖል ግራሃም የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረውን የእንግሊዛዊውን ቄስ የቶማስ ቤይስን ቀመር ለኢሜይል የሚያውል ጽሑፍ አወጣ። ዘዴው ቀላል ነው። ማሽኑ ብዙ ስፓምና ብዙ ደህና ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ውስጥ እንደሚበዛ ይቆጥራል። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ የቃላቱን ክብደት ደምሮ፣ ይህ ይበልጥ የሌባ ይመስላል ወይም አይመስልም ብሎ ይፈርዳል። የዛሬዎቹ ማጣሪያዎች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ የላኪውን ጠባይና የተቀባዩን ልማድ ጭምር ያያሉ። ነገር ግን ፍርዳቸው ያው የመምሰል ፍርድ ነው።

ይህን ራሴ ፈተንኩት። ያንን የራሴን ትእዛዝ ከሰረዝኩ በኋላ እህቴን ሌላ አዲስ አድራሻ ከፍተሽ ያንኑ ደብዳቤ ቃል ሳትቀይሪ ደግመሽ ላኪልኝ አልኳት። ማሽኑ ይህንንም ቆሻሻው ውስጥ ጣለው። ከላዩ ላይ አንድ ማስታወሻ ለጥፎበታል፤ ከዚህ ቀደም ከተያዙ ስፓሞች ጋር ይመሳሰላል የሚል።

ይመሳሰላል! እውነቱን ነው። እኔም ብዙ ሌሊት ያሰላሰልኩት ይህንኑ ነው። ሌባው ቃላቱን ከየት አመጣቸው? ከእኛው ኑሮ ነው የወሰዳቸው። ታምሜአለሁ፣ ተቸግሬአለሁ፣ ቶሎ ላክልኝ፣ ለሌላ ሰው አትንገር። ይህ የስደተኛ ቤተሰብ የዘወትር ቋንቋ ነው። እዚሁ ተወልዶ እናቱ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ላለችለት ሰው፣ ከሩቅ አገር በአዲስ አድራሻ የመጣ የገንዘብ ልመና ምናልባት ሁልጊዜም ስፓም ነው። ለእኛ ግን እናት ናት፣ እህት ናት።

ሌባውም በበኩሉ ወንፊት አለው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ኮርማክ ኸርሊ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ የመበለቲቱ ዓይነት ደብዳቤ ያን ያህል የማይታመን የሚሆነው ለጥቅም እንደሆነ አስረድቷል። መላኩ ርካሽ ነው፤ ጊዜ የሚፈጀው ከመለሰው ሰው ጋር መጻጻፉ ነው። ስለዚህ የሚጠራጠረው ገና ከመጀመሪያው ስቆ እንዲተወው፣ የሚቀረው የዋሁ ብቻ እንዲሆን ይፈለጋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለውን ተረታችንን በሒሳብ አረጋገጠው ማለት ነው።

በየካቲት 2024 ጉግልና ያሁ በብዛት ለሚልኩ ሁሉ ደብዳቤያቸው በእርግጥ ከስማቸው መውጣቱን የሚያሳይ ማረጋገጫ እንዲኖረው አስገድደዋል። ጥሩ ነው፤ የሌላውን ስም መስረቅ ከበደ። ነገር ግን ሌባ የራሱን ስም አስመዝግቦ ማረጋገጫውን ቢያሟላስ? ማኅተም ከማን እንደመጣ እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይናገርም።

ታዲያ ማጣሪያውን እንተወው? የለም፣ ያለ እርሱስ ኢሜይል መክፈትም ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን እንክርዳዱን እንነቅላለን ብላችሁ ስንዴውን እንዳትነቅሉ የሚለውን የወንጌል ምሳሌ አንርሳ። በጋዜጠኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት ያልታወቀ ደብዳቤ ሲመጣ አንጥለውም፣ እንዳለ አምነንም አናትመውም፤ ደውለን እናጣራ ነበር። ያንን ልማድ ነው ቤቴ ውስጥ የረሳሁት።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በየሳምንቱ እሁድ ማታ የቆሻሻውን ሳጥን እከፍታለሁ፤ በብዙዎቹ አገልግሎቶች 30 ቀን የሞላው ስፓም ራሱ ይደመሰሳልና። የዘመድ ደብዳቤ ካገኘሁ «ስፓም አይደለም» የሚለውን ተጭኜ አድራሻውን እመዘግባለሁ። አጠራጣሪ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ማያያዣ አልነካም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሲመጣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሳይሆን እኔ በማውቀው ቁጥር እደውላለሁ። ቤተሰቤም የማንኛችን ስልክ ቢጠፋ የሚደወልለትን ጎረቤት ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይዟል። ዛሬ የሰው ድምፅ እንኳ በኮምፒዩተር ተመስሎ ስለሚሠራ፣ ድምፅ ሰማሁ ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የቤተሰብ ሰው ብቻ የሚመልሰውን ነገር ጠይቁ።

እህቴም ቸግሯት ስትጽፍልኝ በመጀመሪያው መስመር ላይ እማዬ በልጅነታችን ስትቆጣን የምትለንን አንዲት ቃል ታስገባለች። ያቺን ቃል ካየሁ ማሽኑ የፈለገውን ይበል፣ ደብዳቤው የእርሷ ነው። ቃሉን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጋዜጣ ማን እንደሚያነበው አይታወቅምና።

ቸር ያሰንብተን።