ተጎሳቁላ የመጣችን ድንጉጥ ጊደር ከአዲስ ቤት ማላመድ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተሞቹ እየሰፉ በሄዱ ቁጥር የግጦሽ መሬት እየጠበበ፣ የድርቆሽና የፋጉሎ ዋጋም እየጨመረ መጥቷል። በጾም ወራት ደግሞ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። መኖ ያጠረው ባለቤት ዲቃላ ጊደሩን ከስታ፣ ጸጉሯ ቆሞ፣ ሰው ባየች ቁጥር የምትበረግግ ሆና ለገበያ ያወጣታል። ዋጋዋ ቀለል ስለሚል ከእናንተ መካከል የሚገዛ አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ከግዢው በኋላ ነው። ጊደሯ ስትወልድ ትራገጣለች፣ ወተቷን ትይዛለች፤ «አመለኛ ናት» ተብላ ትደበደባለች፤ በመጨረሻም ጥሩ ዘር እያላት ለቄራ ትሸጣለች። በአያያዝ ሊስተካከል በሚችል ነገር ላምም ገንዘብም ይጠፋሉ።

ፍርሃት ወተትን እንዴት ይይዛል?

ከብት የጎዳትን ሰውና ቦታ ታስታውሳለች። ዱላ ያየች ጊደር ሰውን ሁሉ እንደ ዱላ ትቆጥራለች። ላም ወተቷን የምትለቀው ጡቷ ሲታሽ ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር በደሟ ሲሰራጭ ነው። ስትደነግጥ ግን አድሬናሊን ይመነጭና ይህን ሥራ ያግደዋል። ስለዚህ በአለባ ሰዓት የሚመታ ሰው የራሱን ወተት በራሱ እጅ ያስቀራል። ታልቦ ያላለቀ ወተት በጡት ውስጥ ሲቆይም ለጡት በሽታ መንገድ ይከፍታል።

የመጀመሪያው ቀን

በተቻለ መጠን ጊደሯን በቀን ብርሃን አድርሷት። ከመድረሷ በፊት በረቱ ይጸዳ፤ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ። በተለይ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ የከሳ ከብት ይጎዳል። ንጹህ ውኃና ጥሩ ድርቆሽ አቅርቡላትና ተዋት። ጎረቤት ተሰብስቦ አይያት፤ ልጆችና ውሾችም ይራቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሌሎች ከብቶቻችሁ ለይታችሁ አቆዩአት። ሆኖም ከብት ብቻዋን ስትሆን ይበልጥ ስለምትፈራ ሌሎቹን የምታይበትና ድምፃቸውን የምትሰማበት፣ ነገር ግን አፍንጫ ለአፍንጫ የማይገናኙበት ቦታ ምረጡላት። ገንዳና ባልዲ አይጋሩ። መኖ የምታቀርቡላት ከሌሎቹ በኋላ ይሁን፤ ከእርሷ በረት ስትወጡም እጃችሁንና ጫማችሁን ታጠቡ። በዚህ ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ጠርታችሁ ስለ ክትባት፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ውርጃ በሽታ ምርመራ ተማከሩ። የሳንባ ነቀርሳ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የዲቃላ ከብት እርባታዎች የታወቀ ችግር ነው፤ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።

አመጋገብ፦ ቀስ በቀስ

ለከሳች ጊደር አዝኖ ብዙ ፉርሽካና ፋጉሎ በአንድ ጊዜ ማቅረብ ትልቅ ስህተት ነው። መኖን የሚያብላሉት በጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። ድርቆሽ ብቻ የለመዱ ሕዋሳት በድንገት ብዙ ጥራጥሬ ወይም ዱቄት ነክ መኖ ሲመጣባቸው አሲድ ይበዛል፤ ከብቷም መብላት ታቆማለች፣ ልትሞትም ትችላለች። በመጀመሪያው ሳምንት ዋናው መኖ ድርቆሽ ይሁን። የተመጣጠነ መኖ በቀን ከግማሽ ኪሎ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የቢራ አተላ የምትጠቀሙም እንዲሁ አድርጉ። ጨው አይለያት።

እየበላች የማትወፍር ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። የውስጥ ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል። በከተማ ዳር ስትንከራተት የኖረች ከሆነም ፌስታል ውጣ ሊሆን ይችላል።

ከሰው ጋር ማላመድ

1. የሚቀርባት ሰው አንድ ይሁን፤ ቢቻል ወደፊት የሚያልባት ሰው። ሰዓቱም፣ ልብሱም፣ ድምፁም አይለዋወጥ። ስም አውጡላትና በዝግታ ጥሯት።

2. ከኋላ አትቅረቧት። ከብት ጎንና ጎኗን አስፍታ ብታይም በቀጥታ ከጀርባዋ ያለው አይታያትም። በትከሻዋ በኩል እየታያችሁ ቅረቡ።

3. ወደኋላ ማለት ስትጀምር ቁሙ። ስትረጋጋ እናንተ አንድ እርምጃ ወደኋላ በሉ። ሲጨንቃት እንደምትርቁላት ስታውቅ መሸሽ ትተዋለች። እያሳደዱ መያዝ ግን የሳምንቱን ድካም በአንድ ቀን ያፈርሳል።

4. በየቀኑ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ገንዳው አጠገብ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አልፋልፋ ወይም የዝሆን ሳር በእጃችሁ ዘርጉላት። መጀመሪያ አትቀበልም፤ አስቀምጡላትና ሂዱ።

5. ከእጃችሁ መብላት ስትጀምር አንገቷን ከሥር በኩል እከኩላት። ላሞች እርስ በርስ የሚላላሱት አንገትና ሻኛ አካባቢ ስለሆነ ደስ ይላታል። ከዚያ ወደ ጀርባ፣ ወደ ሆድ፣ በመጨረሻም ወደ ጡት ሂዱ።

6. ሳትወልድ በፊት ወደ ማለቢያው ቦታ እየወሰዳችሁ እዚያው መኖ ስጧት። የባልዲውን ድምፅ ትልመድ፤ ጡቷንም ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉላት። ይህን ለማድረስ ነፍሰ ጡር ጊደር ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መግዛት ይመረጣል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጤነኛ መሆኗ ሲረጋገጥ ከመንጋው ቀላቅሏት። ሁሉም ጠግበው ባሉበት ሰዓት፣ ሰፋ ባለ ግቢ ይሁን። ጉልበተኛዋ ላም እንዳትከለክላት ተጨማሪ ገንዳ አዘጋጁ።

መላመዷን በምን ታውቃላችሁ?

እናንተ ቆማችሁ ሳለ ተኝታ ስታመሰኳ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ስትበላ፣ ስሟ ሲጠራ ዞር ስትል ፍርሃቷ እየለቀቃት ነው። አንዳንዷ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዷ በሁለት ወር ትላመዳለች። የምታዩትን በየቀኑ ጻፉ፤ ለውጡ በዓይን ሳይታወቅ በመዝገብ ይታወቃልና።

ፍርሃት መስሎ የሚመጣ በሽታም አለ። አንድ ቀን ሙሉ መብላት ካቆመች፣ ከሳለች፣ ካስቀመጣት፣ አፏ ወይም እግሯ ከቆሰለ ሐኪም ጥሩ። ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ ለሐጯ ከተዝረከረከና አብዝታ ከጮኸች የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በፍጹም እጃችሁን አፏ ውስጥ አታስገቡ፤ ራቁና ወዲያውኑ አሳውቁ።

ማጠቃለያ

ይህ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በቀን ጥቂት ደቂቃና ዱላውን ከበረት ማውጣት ነው። በልማት ቡድናችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ጊደር የገዛ ሰው ካለ ለቄራ ከመሸጡ በፊት ሦስቱን ሳምንታት እንዲሞክር ምከሩት። በበረታችሁም አሳዩት፤ በዓይኑ ያየው አርሶ አደር ከሰማው ይልቅ ያምናል።