ቀኑ ያለፈበትን ብድር ስለ መሰብሰብ

ሰው ከሰው ተበድሮ ችግሩን ማቃለል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ በጂንካም ነጋዴ ለነጋዴ፤ ዘመድም ለዘመድ ያበድራል። በዕቁብም ዕጣው አስቀድሞ የወጣለት ሰው የባልንጀሮቹን ገንዘብ እንደ ተበደረ ይቆጠራል፤ ዋስ እንዲጠራ የሚደረገውም ስለዚህ ነው። ማበደር ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቀኑ ካለፈበት ብድር ምን ያህሉ እንደ ተመለሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚሁ አገር የሚኖሩት ሙርሲዎች ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በልማዳቸው ለሙሽራይቱ ወገኖች የሚሰጠው ከብት ልኩ 38 ነው፤ ድርሻ የሚገባውም ዘመድ ትውልድ እየቆጠረ ይጠይቃል። ከብቱ በመልኩ ስለሚታወቅና ነገሩም በዘመድ ፊት ስለሚነገር የማንም ድርሻ አይረሳም። ብር ግን እንደ ከብት መልክ የለውምና የከተማው አበዳሪ መዝገብ መያዝ ይገባዋል።

አያያዙም እንዲህ ነው። በየወሩ ቀኑ ያለፈበት ብድር ለብቻው ይጻፍ፤ ከዚያም በ30፤ በ60ና በ90 ቀን ምን ያህል እንደ ገባ ይታይ። ለምሳሌ በጥቅምት ከዘገየው 10,000 ብር በ30 ቀን 4,000 ቢገባ፤ ከመቶው 40 ተሰበሰበ ማለት ነው። በኅዳር ከዘገየው 20,000 ብር በ30 ቀን 5,000 ቢገባ ግን ከመቶው 25 ብቻ ነው። የገባውን ገንዘብ ብቻ የሚመለከት ሰው 5,000 ከ4,000 ይበልጣልና ሥራው ተሻሻለ ይላል፤ ነገሩ ግን ወደ ኋላ ተመልሷል። እንዲሁም አሮጌው ዕዳ በአዲስ ብድር ቢተካ እንደ ተከፈለ ሊጻፍ አይገባም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፤ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ሳይጠየቅ 10 ዓመት የቆየም ዕዳ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ መዝገብ የሌለው አበዳሪ እውነት ይዞ ሳለ ሊረታ ይችላል።

የመዝገብ ጥቅም ለአበዳሪው ብቻ አይደለም። በአንድ ወር የብዙዎች ብድር አብሮ ቢዘገይ ምክንያቱ ድርቅ ወይም የገበያ መቀዝቀዝ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከፍለው አንዱ ብቻ ቢዘገይ ግን ምክንያቱን እርሱን መጠየቅ ነው። እንግዲህ ባለዕዳና አበዳሪን የሚያስታርቁ ካህናትና ሹማምንት አስቀድመው መዝገቡን ይመልከቱ፤ ያጣው ሰው ጊዜ እንዲያገኝ፤ እያለው የሚያመካኘውም እንዲከፍል ለማድረግ የሚቻለው በዚህ ነውና።