በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች በናፍጣ የሚሠራ የመስክ ተሽከርካሪ ከመግዛታቸው በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች በናፍጣ የሚሠራ የመስክ ተሽከርካሪ ለመግዛት ሲነሡ ከሁለት አንዱን ዓላማ ይዘው ነው። ከፊሎቹ በሚኖሩበት አገር ሊገለገሉበት ይሻሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ወደ አገር ቤት አስገብተው ለቤተሰብ፣ ለእርሻ ሥራ ወይም ጠቅልለው ሲመለሱ ለራሳቸው ሊያደርጉት ያስባሉ። ለአንዱ ዓላማ የሚመቸው ተሽከርካሪ ለሌላው ላይመች ስለሚችል፣ ገዢው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ተሽከርካሪው የት እንደሚነዳ መወሰን ይኖርበታል።

ወደ አገር ቤት ማስገባት ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የሕጉ ፈቃድ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ መግባት እንደማይችሉ አስታውቋል። አንድ ተሽከርካሪ በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ የሚለየው ሻጩ ወይም ባለቤቱ በሚሰጠው ስም ሳይሆን በአምራቹ ሰነድ ላይ በሰፈረው የአገልግሎት ዓይነት፣ የመቀመጫ ብዛትና የጭነት አቅም ነው። ስለሆነም ገዢው የተሽከርካሪውን ሞዴል፣ የምርት ዘመን፣ የሞተር መጠንና የሻንሲ ቁጥር አሟልቶ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማቅረብና ምላሹንም በጽሑፍ መያዝ አለበት። «አንድ ዘመዴ ባለፈው ዓመት አስገብቷል» የሚለው ወሬ ተሽከርካሪው ወደብ ከደረሰ በኋላ ማስረጃ አይሆንም። በዚያን ጊዜ የወደብ ኪራይ በየዕለቱ ይቆጠራል፤ ገንዘቡም ቀድሞ ከእጅ ወጥቷል።

ማስገባት የሚፈቀድ ቢሆን እንኳ የግብሩ ስሌት በጥሞና መታየት አለበት። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት የሞተር መጠንና የተሽከርካሪው የአገልግሎት ዘመን የታክሱን ልክ ከፍ ያደርጋሉ። የመስክ ተሽከርካሪዎች ሞተራቸው ትልቅ በመሆኑ፣ ያገለገሉ ሲሆኑ ደግሞ ዕድሜያቸው ስለሚታከልበት፣ ጫናው በሁለቱም በኩል ያርፍባቸዋል። በተጨማሪም ቀረጡ የሚሰላው በግዢው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የመርከብ ማጓጓዣና የመድን ወጪ ተደምሮበት ነው፤ ኤክሳይስ ታክሱ ቀረጡን በያዘው ድምር ላይ፣ 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ የቀደሙትን ሁሉ በያዘው ድምር ላይ ያርፋል። በርካሽ የተገኘ አሮጌ ላንድክሩዘር አዲስ አበባ ሲደርስ ከርካሽነቱ ጋር የማይገናኝ ዋጋ የሚያወጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

የመሪው አቀማመጥ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የሚዘነጉት አሉ። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚጓዘው በመንገዱ ቀኝ በመሆኑ መሪው በግራ መሆን ይኖርበታል። በብሪታንያ፣ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ መሪያቸው በቀኝ ነው። ይህን «አገር ቤት ሲደርስ አስቀይረዋለሁ» ብሎ መግዛት አይመከርም።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የሞተሩ ዘመን ነው። ብዙ ሰው «አዲስ ሲሆን ይሻላል» ብሎ ያስባል፤ በናፍጣ ሞተር ረገድ ግን ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ከመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ የሚመዘገቡ አውቶሞቢሎች የዩሮ 6 ደረጃን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። እነዚህ ሞተሮች ጥቀርሻ የሚያጠምድ ማጣሪያ አላቸው፤ ብዙዎቹም የጭስ ጋዙን የሚያጠራ አድብሉ የተባለ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። የተሠሩትም ድኝ በእጅጉ ለተቀነሰበት ናፍጣ ነው። በአውሮፓ የሚሸጠው ናፍጣ የድኝ መጠን በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በአሜሪካ ደግሞ ወሰኑ 15 ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ሲቀዳ የማጣሪያው ሥርዓት ቶሎ ይደፈናል፣ የጭስ ማጥሪያውም አቅሙ ይዳከማል።

ጥቀርሻ ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ያጠመደውን ጥቀርሻ በከፍተኛ ሙቀት በማቃጠል ሲሆን፣ ለዚህም ተሽከርካሪው ሳያቋርጥ በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ፍጥነት መጓዝ ይኖርበታል። ቀኑን ሙሉ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆምና ሲነሣ የሚውል ተሽከርካሪ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማስጠንቀቂያ መብራቱ ይበራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። አድብሉ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ጊዜ የጠፋ ሞተር መልሶ እንዳይነሣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ፈሳሹ 32.5 በመቶ ዩሪያ የያዘ ንጹሕ ውሕድ ነው። በዚህ አጋጣሚ ማሳሰብ የምንወደው፣ የማዳበሪያ ዩሪያን በውኃ በጥብጦ መጨመር ውድ የሆነውን ሥርዓት የሚያበላሽ መሆኑን ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ለረጅም ጊዜ የያዘው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ አልባ ሞተር የነዳጅ መርጫው መካኒካዊ በመሆኑ በኮምፒውተር መመርመሪያ የሚታይ ብዙ ነገር የለውም። ጉልበቱ ልከኛ ነው፤ ነገር ግን የወረዳ ጋራዥ የሚፈታውና የሚገጥመው ሞተር ነው። ጉድለቱም አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ በግምት አሥር በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ይህ ልዩነት ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ጎልቶ ይታወቃል። ቱርቦ ያለው ሞተር በከፍታ የሚያጣው ጉልበት አነስተኛ ነው። በመካከላቸው ያሉት ባለ ቱርቦ፣ ጥቀርሻ ማጣሪያ ያልተገጠመላቸው ሞተሮች ለብዙ ገዢዎች አማካይ ምርጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁንና መርጫቸው ከፍተኛ ግፊት የሚጠቀም ከሆነ ውኃ የገባበትን ወይም ላምባ የተቀላቀለበትን ናፍጣ አይታገሡም፤ የነዳጅ ፊልትሮአቸውን በወቅቱ መቀየር የግድ ነው።

በሚኖርበት አገር ብቻ ሊነዳ ለሚገዛ ሰው ግን ምክሩ ይገለበጣል። በለንደን ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መላውን ከተማ በሚሸፍነው ዝቅተኛ የጭስ ልቀት ቀጠና የዩሮ 6 ደረጃን የማያሟላ የናፍጣ አውቶሞቢል ለተነዳበት ቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። በጀርመን የሽቱትጋርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ዩሮ 4 እና ከዚያ በታች የሆኑ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች እንዳይነዱ ከልክሏል። ስለዚህ ለአገር ቤት መንገድ የሚወደሰው አሮጌ ሞተር በአውሮፓ ከተማ ለሚኖር ሰው የዕለት ወጪ ወይም ክልከላ ያስከትልበታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የመስክ ተሽከርካሪዎች በቤንዚን የሚሠሩ ናቸው፤ ናፍጣ ፈላጊው የሞተሩን ዓይነት ከሰነዱም ከሞተሩም ላይ ማረጋገጥ አለበት።

ያገለገለ ተሽከርካሪ ሲመረመር በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው አገሮች የቆየ ከሆነ ከሥሩ ገብቶ ሻንሲውን መመልከት ይገባል። አዲስ የተቀባ ጥቁር ቀለም ዝገትን ሊሸፍን ስለሚችል በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ያዋጣል። በበረሃ የተነዳ ከሆነ የአየር ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ አሸዋ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ እንዲነሣ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ሻጩ ገዢው ከመድረሱ በፊት ካሞቀው በጠዋት የሚታየው ጭስና አነሣሡ ይሰወራል። ጥቀርሻ ማጣሪያው ወጥቶ የተጣለበት ተሽከርካሪ በአውሮፓ አገሮች ዓመታዊ ምርመራ ሊወድቅ ስለሚችል «ችግሩን አስወግጄዋለሁ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ምን እንዳስወገደ ይጠየቅ።

ጉዳዩን በአገር ቤት በዘመድ ወይም በአስተላላፊ በኩል የሚያስፈጽሙ ዜጎች ውክልናቸውን በሚኖሩበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ማዘጋጀት ይችላሉ። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል መመዝገብ አለበት። በውክልናው ላይ የተሽከርካሪው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በትክክል ይጻፍ፤ መረከብ፣ ግብር መክፈልና ማስመዝገብ ተለይተው ይዘርዘሩ፤ መሸጥ የማይፈለግ ከሆነም የመሸጥ ሥልጣን እንዳይካተት ፊርማው ከመኖሩ በፊት ይነበብ።