ከጣራው እስከ ሶኬቱ፦ የቤት ሶላር ኢንቨርተርና ጠባቂዎቹ

መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ መፈለግ የሰለቸው ሰው ዓይኑን ወደ ጣራው ማንሳት ከጀመረ ሰነባብቷል። ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሲጠይቅ የሚነገረው ግን ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፓነሉ ስንት ዋት እንደሆነና ኢንቨርተሩ ስንት ኪሎዋት እንደሚሸከም። ብሬከሩ፣ ፊውዙና የምድር ገመዱ “ልዩ ልዩ ዕቃዎች” ተብለው በአንድ መስመር ይታጨቃሉ፤ ገንዘብ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ናቸው። ይህ አካሄድ መገልበጥ አለበት። ኢንቨርተር ከሦስት ወገን ማለትም ከፓነል፣ ከባትሪና ከመንግሥት መስመር ኤሌክትሪክ የሚገባበት ሳጥን ነው። ሦስቱ ሲበላሹ ጠባያቸው ለየቅል ስለሆነ ጠባቂያቸውም ለየቅል ነው። ቤቱን የሚያቅድ ሰው ከእነዚህ ሦስት መግቢያዎች ከጀመረ የኢንቨርተሩ ምርጫ ራሱ ይቀልለታል።

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

ፓነልም ባትሪም የሚሰጡት ዲሲ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ። የቤታችን ሶኬት የሚጠብቀው ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ኤሲ ነው፤ ይህም በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ነው። ኢንቨርተር አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል። ዛሬ ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ የባትሪ ቻርጀርንና ከፓነሉ የሚገኘውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ክፍል በአንድ ሳጥን አጣምረው ይይዛሉ።

በገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ከመንግሥት መስመር ጋር ብቻ ተያይዞ የሚሠራው ነው። ርካሽ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጣራ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ቢመለስ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራት ስለሚጠፋበት ሶላር የሚገዛ ሰው ይህን ዓይነት ከገዛ የገዛበት ምክንያት ሳይሟላ ይቀራል። ሁለተኛው ከመስመሩ ተነጥሎ በባትሪ የሚኖረው ነው። ሦስተኛው ሃይብሪድ የሚባለው ሲሆን ፓነልን፣ ባትሪንና መስመርን እያቀናጀ ይሠራል። መብራት እየመጣ ለሚሄድበት ከተማ የሚስማማው ባትሪ ያለው ሃይብሪድ፣ ወይም የመንግሥትን መስመር እንደ ደጀን የሚጠቀም ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሞገዱ ጥራት ይመጣል። ሣጥኑ ላይ “ፒዩር ሳይን ዌቭ” ካልተጻፈ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ላለው ቤት አይሁን። የተቆራረጠ ሞገድ ሞተርን ያሞቃል፤ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ክብደትም ይናገራል። ባለ 5 ኪሎዋት ሆኖ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ትልቅ ትራንስፎርመር የሌለው ነው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ደግሞ ከባድ የመዳብ ትራንስፎርመር የያዘ ሲሆን የሞተር አነሳስን በተሻለ ይችላል።

ምጣድና ፍሪጅ

የኢንቨርተር ልክ የሚወሰነው በቤቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ፍሪጅ ሥራ ላይ እያለ ከ100 እስከ 200 ዋት ቢበላም ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ፓምፕም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው የዘወትር ኃይል ጋር ለጥቂት ሰከንድ የሚችለውን ከፍተኛ ኃይልም ማንበብ ያስፈልጋል።

የእኛን ቤት ከሌላው የሚለየው ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምጣድን ብቻውን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት 2,000 ዋት የሚበላ የውሃ ማፍያ ሲጨመር ግን ይዘጋል። በባትሪ ብቻ የሚጋገር ከሆነ ደግሞ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ባለ 48 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይዘል ያልቃል። መፍትሔው መስመሩን ከመነሻው ለሁለት መክፈል ነው። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ስልክ ቻርጀር በኢንቨርተሩ ሥር ይሁኑ፤ ምጣድና የሻወር ማሞቂያ በቀጥታ ከቆጣሪው ይቀጠሉ። ይህን ማድረግ ቤቱ ሲሠራ ቀላል ነው፤ ግድግዳው ከተቀባ በኋላ ግን ሌላ ወጪ ነው።

ኢንቨርተሩ ራሱም ይበላል። ምንም ሳይሸከም 50 ዋት የሚወስድ ሳጥን በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያጠፋል፤ ይህ ከላይ ከጠቀስነው ባትሪ ሩብ ያህሉ ነው። ለትንሽ ቤት ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም።

የደጋ ሒሳብ

አሁን አንድ ሒሳብ ጠጋ ብለን እንሥራ። ባለ 550 ዋት ፓነል ምንም ሳይሸከም የሚሰጠው ቮልቴጅ ጀርባው ላይ 49 ገደማ ተብሎ ይጻፋል። የኢንቨርተሩ የፓነል መግቢያ ከፍተኛው 150 ቮልት ነው እንበል። ሻጩ ሦስት ፓነል በተከታታይ ያያይዝና 147 ቮልት ያገኛል፤ ከ150 በታች ስለሆነ ይበቃል ይላል። ነገር ግን ፓነሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.27 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በኅዳር ማለዳ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ፓነል ወደ 51.6፣ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ 155 ቮልት ይደርሳሉ። ፀሐይ ገና ብልጭ ስትል ኢንቨርተሩ መግቢያው ላይ ሊቃጠል ይችላል። ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋስትና አይሸፍነውም። ስለዚህ እዚህ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አድርጎ ጎን ለጎን ማያያዝ፣ ወይም መግቢያው እስከ 450 ወይም 500 ቮልት የሚችል ኢንቨርተር መምረጥ ይሻላል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ሙሉ ኃይላቸውን እንዲሰጡ የታሰበው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ከፍታን የሚመለከተውን መስመር ፈልጎ ማንበብ፣ በልኩም ጥቂት ትርፍ መተው ያስፈልጋል። ሳጥኑን በጠባብ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ ሥር መስቀል ይህን ችግር ያባብሰዋል።

ሦስቱ መግቢያዎች

ከፓነሉ እንጀምር። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓነልን ማጥፋት አይቻልም። በዚያ ላይ ሁለቱ ገመዶቹ ቢገናኙ የሚፈሰው ከረንት በሥራ ላይ ከሚፈሰው ብዙም አይበልጥም፤ ባለ 550 ዋቱ ሲሠራ 13 አምፔር፣ ኮንታክት ሲፈጥር 14 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ብሬከር በዚህ ልዩነት አይወርድም። ስለዚህ ጣራው ላይ ዋናው ጠባቂ ጥሩ ሥራ ነው፦ ለሶላር የተሠራ ድርብ ልባስ ያለው ገመድ፣ በቆርቆሮ ጠርዝ እንዳይፋቅ ቱቦ ውስጥ የገባ፣ ማያያዣዎቹ ከአንድ አምራች የሆኑና በመሣሪያቸው የተጨመቁ። ልባሱ የተፋቀ አንድ ገመድ ሙሉውን የቆርቆሮ ጣራ ኤሌክትሪክ ሊያሲዘው ይችላል። ፊውዝ የሚያስፈልገው ሦስትና ከዚያ በላይ ረድፍ ጎን ለጎን ሲያያዝ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ የሌሎቹ ከረንት ተደምሮ ወደ እሱ ይመለሳልና።

ለጥገና መስመሩን የሚቆርጥ የዲሲ ማጥፊያ ግን የግድ ነው። እዚህ ላይ የኤሲ ብሬከር ማስገባት ትልቅ አደጋ ነው። 50 ኸርዝ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይነካል፤ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ዲሲ ዜሮን አይነካም፤ ብልጭታው ፕላስቲኩን እያቀለጠ ይቀጥላል። የዲሲ ብሬከርም ቢሆን አንዳንዱ ላይ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክት አለው። ተገልብጦ ከታሰረ ውስጡ ያለው ማግኔት ብልጭታውን ወደ ማጥፊያው ክፍል መግፋቱን ትቶ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይገፋዋል። ምልክት የሌለው፣ በሁለቱም በኩል የሚሠራው ዓይነት ይመረጣል።

ባትሪው የፓነሉ ተቃራኒ ነው። ገመዱ ቢገናኝ በሺህ የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይለቃል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ከ48 ቮልት ባትሪ ሙሉ ኃይሉን ሲወስድ ወደ 120 አምፔር ይጎትታል፤ ያው ኃይል ከ12 ቮልት ቢሆን ከ450 ያልፋል። ለትልቅ ሥራ 12 ቮልት የማይመረጠው ለዚህ ነው። የባትሪው ፊውዝ ከሥራው ከረንት ከፍ፣ ገመዱ ከሚችለው ዝቅ ማለት አለበት። ለምሳሌ ባለ 160 አምፔር ፊውዝ ከ50 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ጋር ይሄዳል። ፊውዙ ለዲሲ የተሠራና ያን ሁሉ ከረንት መቁረጥ የሚችል ይሁን፤ ቦታውም ባትሪው አጠገብ ነው። ከኢንቨርተሩ ዘንድ ከተቀመጠ በመካከል ያለው ገመድ ጠባቂ የለውም።

ሦስተኛው መግቢያ የመንግሥት መስመር ነው። ባለ 5 ኪሎዋት ከሆነ ለመውጫው 25 አምፔር ብሬከር ይመጥናል፤ መግቢያው በመስመሩ የሚሞላውን የባትሪ ቻርጅም ስለሚሸከም በመመሪያው ይወሰናል። ከመውጫው ብሬከር ኋላ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ፣ ማለትም ከረንት ወደ ምድር ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ ይግባ፤ ሰውን የሚያድነው እሱ ነው። ነገር ግን መስመሩ ተቋርጦ ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ ኒውትራሉ ከምድር ጋር ካልተያያዘ የመጀመሪያው ብልሽት ሳይታወቅ ያልፋል፤ ሁለተኛው ሲደረብበት ሰው ይመታል። የአርሲዲው የሙከራ ቁልፍ ተነክቶ መውረዱ ይህን አያረጋግጥም፤ ቁልፉ የሚሞክረው አርሲዲውን ራሱን እንጂ የምድሩን መስመር አይደለም። አንዳንድ ኢንቨርተሮች ግንኙነቱን በራሳቸው ይፈጥራሉ፤ ሌሎች አይፈጥሩም። ኤሌክትሪሽያኑ በባትሪ ሲሠራና በመስመር ሲሠራ ለየብቻ በመለኪያ ያረጋግጥ።

መብረቅና ምድር

የደጋው ክረምት ነጎድጓዳማ ነው። መብረቅ ሩቅ ቢወድቅም በገመዶች ላይ የሚያነሳው ከፍተኛ ቮልቴጅ የኢንቨርተርን ሰርኪዩት ለመግደል ይበቃል። ሰርጅ መከላከያ በፓነሉም በመስመሩም በኩል ይግባ፤ ወደ ምድር የሚወስደው ገመድ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ቢቻል ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። የተጠማዘዘ ረጅም ገመድ መከላከያውን ከንቱ ያደርገዋል። ለፓነሉ አንድ ዘንግ፣ ለቤቱ ሌላ ዘንግ ቀብሮ ሳያገናኙ መተውም ስሕተት ነው። መብረቅ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት የሚያልፈው በኢንቨርተሩ በኩል ነው። የፓነሉ ብረት፣ የኢንቨርተሩ አካልና የቤቱ ምድር በአንድ ይታሰሩ።

አንድ ቅንብር

ሳጥኑ ተሰቅሎ ከተነሳ በኋላ ብዙ ሰው የማይነካው አንድ ቅንብር አለ። በገበያችን በሚገኙ ብዙ ኢንቨርተሮች የመስመሩ ቮልቴጅ የሚፈቀድበት ክልል ሁለት ምርጫ አለው፦ አንዱ ከ90 እስከ 280 ቮልት፣ ሌላው ከ170 እስከ 280። ሳጥኑ በመጀመሪያው ላይ ሆኖ ከመጣና እንዲሁ ከተተወ፣ መብራት ሲዳከም ያን ደካማ ቮልቴጅ ለፍሪጁ ያሳልፈዋል፤ ኮምፕረሰሩም ይሞቃል። ሁለተኛው ከተመረጠ ኢንቨርተሩ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ መዞሪያውም 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሆነ ኮምፒዩተር እንኳ አይጠፋም። ገንዘብ የማያስወጣ ጥበቃ ነው።

እንግዲህ ለገዢ የምመክረው የአጠያየቅ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ በኢንቨርተሩ ሥር የሚገቡትን ዕቃዎች ይጻፉ። ቀጥሎ ሻጩ የፓነሉን ቮልቴጅ በአካባቢዎ ቀዝቃዛ ማለዳ አስልቶ ያሳይዎ። ከዚያ እያንዳንዱ ብሬከርና ፊውዝ በዓይነቱ፣ በአምፔሩና በቮልቴጁ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ለየብቻ ይዘርዘር። በመጨረሻም የሙሉ መስመሩ ሥዕል በአንድ ገጽ ተሠርቶ፣ የትኛው ማጥፊያ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወርድ በአማርኛ ተጽፎበት ሳጥኑ አጠገብ ይለጠፍ። ያን ሥዕል ሊሠራ የማይችል ሰው ጣራዎ ላይ ባይወጣ ይሻላል። ሥዕሉ ካለ ግን ቤት ውስጥ የተገኘ ማንም ሰው፣ ባለሙያው ባይኖርም፣ አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የቱን ማውረድ እንዳለበት ያውቃል።