ቦል ስክሩ ከመከሰሱ በፊት

የአይሱዙ ጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ቦል ስክሩ ሲያዞር ይውላል። ከመሪው ዘንግ ግርጌ ባለው ሳጥን ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ ዳዶ ተሰክቷል፤ በቦዩና በዳዶው መካከል ደግሞ የብረት ኳሶች ተደርድረው ይንከባለላሉ። ኳሶቹ የዳዶው ጫፍ ሲደርሱ በመመለሻ መንገድ ዞረው ከመነሻቸው ይገባሉ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። መሪ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ማንም አያስታውሰውም። ሲኤንሲ ፍሬሳ ወይም ቶርኖ ላይ ሲገጠም ግን የማሽኑ ልክ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ሥራ በተበላሸ ቁጥርም ቀድሞ የሚከሰሰው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ በሐሰት።

ተራ ቪቴ፣ ለምሳሌ የሞርሳ ቪቴ፣ ከሚሰጡት ጉልበት አብዛኛውን በፍትጊያ ያባክነዋል። ቦል ስክሩ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር የለም፣ የሚንከባለል እንጂ፤ ስለዚህ ከጉልበቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ወደ ጉዞ ይለወጣል። ይህ ጥቅም አንድ ጣጣ አለው። ሞርሳ አጥብቀው ቢተዉት ባለበት ይቆያል፤ ቦል ስክሩ ግን ከጎን ሲገፉት ራሱ ይዞራል። ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን የማሽን ጭንቅላት ሞተር ከመፍታታችሁ በፊት ጭንቅላቱን በወፍራም ጣውላ ደግፉ። «ፍሬን አለው እኮ» የሚሉኝ አሉ። ፍሬኑ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነዋ! ሞተሩ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መቶ ምናምን ኪሎ ብረት የሚይዝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ማሽኑ የቆረጠው ክብ፣ አቅጣጫ በሚቀየርባቸው አራት ቦታዎች ላይ ትንንሽ ደረጃ ሲያወጣ፣ ወይም ጠረጴዛው ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ግራ ሲመለስ ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ሲጎድልበት፣ በየወርክሾፑ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ስክሩው አልቋል»። ከዚያ ወይ ከውጭ ይታዘዛል፣ የምንዛሪውን ወረፋ ጨምሮ፤ ወይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የማካካሻ ቁጥር ይጨመራል። ሁለቱም የሚደረጉት ማንም ምንም ሳይለካ ነው።

ከሞተሩ እስከ ጠረጴዛው ባለው መንገድ ላይ እንቅስቃሴው በብዙ እጅ ያልፋል። ሞተሩን ከስክሩው ጋር የሚያያይዝ መጋጠሚያ አለ። ስክሩውን ጫፉ ላይ የሚይዙ ኩሽኔታዎች አሉ፤ እነሱን ደግሞ ጠምዶ የሚይዝ ማሰሪያ ዳዶ። የስክሩው ዳዶ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረባቸው ብሎኖችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢላላ ጠረጴዛው ላይ የሚታየው ምልክት ከስክሩው ማለቅ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። «አልቋል» ተብለው ካየኋቸው ስክሩዎች ብዙዎቹ ደኅና ነበሩ፤ የላላው ማሰሪያ ዳዶው ነበር።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። የስክሩውን ጫፍ የሚሸፍነውን ክዳን ፍቱ። መሐሉ ላይ፣ ስክሩው ሲሠራ በሾጣጣ ጫፍ የተያዘበት ትንሽ ቀዳዳ ይታያል። ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች አንዲት የብረት ኳስ ግሪስ ቀብታችሁ እዚያ ላይ አስቀምጧት፤ ግሪሱ ይይዛታል። ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ዳያል ጌጅ ኳሷ ላይ አሳርፉ። ጌጁን በቀጥታ የስክሩው ግንባር ላይ ብታሳርፉት ግንባሩ ፍጹም ቀጥ ያለ ስላልሆነ በዞረ ቁጥር መርፌዋን እያወዛወዘ ያታልላችኋል፤ ኳሷ ግን መሐል ላይ ስላለች አታታልልም። ከዚያ ሌላ ሰው ጠረጴዛውን በትንሽ በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያስኪደው። ስክሩው መዞር እንጂ በቁመቱ ወዲያና ወዲህ ማለት የለበትም። አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር መርፌዋ ዘለል ካለች ጥፋቱ የኩሽኔታዎቹ ወይም የማሰሪያ ዳዶው ነው።

መርፌዋ ዝም ካለች ጌጁን ጠረጴዛው ላይ ትከሉና ጫፉን የስክሩው ዳዶ አካል ላይ አሳርፉ፤ በሁለቱ መካከል እንቅስቃሴ ካለ የላሉት ብሎኖቹ ናቸው። መጋጠሚያውን ለመመርመር ደግሞ ከሞተሩ ዘንግ እስከ ስክሩው የሚዘልቅ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ፤ አንድ ቀን አሠርታችሁ ስትመለሱ መስመሩ ከተሰበረ መጋጠሚያው እየተንሸራተተ ነው። ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው ስክሩውን መጠርጠር የሚፈቀደው።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁት ፍሬሳ ለዓመታት በማካካሻ ቁጥር ሲታከም የኖረ ነበር። መቆጣጠሪያው ፋኑክ ስለሆነ ቁጥሩ ያለው ፓራሜትር 1851 ላይ ነው፤ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር ቆይቷል። ኳሷን ለጥፈን ስናይ መርፌዋ ዘለለች፤ የማሰሪያ ዳዶው መቆለፊያ ብሎን ጭራሽ አልጠበቀም ነበር። ዳዶው በልኩ ጠብቆ ከተቆለፈ በኋላ ማሽኑ ባሰበት። ባለሙያዎቹ አዩኝ። ስክሩው ተስተካክሏል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሌለውን ልል እያካካሰ ጠረጴዛውን ከልክ በላይ ይገፋው ነበር። ቁጥሩ ወደ ነበረበት ሲመለስ ክቡ ክብ ሆነ።

የማካካሻ ቁጥር ክፉ ነው አልልም፤ ለጥቂት ማይክሮን የተሠራ ነገር ነው። ለበሽታ መድኃኒት ሲደረግ ግን አይሆንም። ስክሩ ሲያልቅ እኩል አያልቅም፤ ሥራ የሚበዛበት መሐሉ ቀድሞ ይበላል፣ ዳር ዳሩ እንደ አዲስ ይቀመጣል። ቁጥሩን በመሐሉ ልክ ብታደርጉት ዳር ላይ ይበዛል፤ በዳሩ ልክ ብታደርጉት መሐል ላይ አይበቃም። ከዚህ የሚብሰው፣ ቁጥር ክፍተቱን አይደፍነውም። ቆራጩ ብረቱን ወደሚጎትትበት አቅጣጫ ሲሠራ ጠረጴዛው ክፍተቱን ያህል ዘሎ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ይህን ከየት ያውቃል?

ጠዋት ልክ የነበረ ሥራ ከሰዓት በኋላ ከሳተ ደግሞ ልል አትፈልጉ። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 0.12 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ማሽኑን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ባዶውን አስኪዱት።

ስክሩ በእውነት የሚሞተው በሁለት ነገር ነው፤ በቅባት ማጣትና በቆሻሻ። ጭነት እርግጥ አለ፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ነገር ግን በጭነት ብዛት ብቻ የሞተ ስክሩ ማግኘት ብርቅ ነው። ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ቦዩን ጥረጉና ጨርቁን ብርሃን ላይ እዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ የማቀዝቀዣው ውኃ ገብቷል። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለበት ብረት እየተበላ ነው። በጣቶቻችሁ መካከል ስታሹት አሸዋ አሸዋ ካለ ዳዶው አፍ ላይ ያለው ጠራጊ ጎማ አልቋል፤ ርካሹ ዕቃ እሱ ስለሆነ ቶሎ ቀይሩት።

አየር በሚነፋ ቱቦ ማሽን የምታጸዱ ሰዎች፣ እባካችሁ! የምትነፉት ብናኝ የትም አይሄድም፤ በጠራጊው ጎማ ሥር ገብቶ ከኳሶቹ ጋር ይንከባለላል። ብሩሽ ምን ሆነ? ግሪስ ግሪስ ነው እያላችሁ የመኪናውን ጥቁር ግራፋይት ያለበት ግሪስ የምትሞሉም እንደዚሁ፤ ብዙ አምራቾች እንዲህ ያለውን በግልጽ ይከለክላሉ።

አውቶማቲክ ዘይት ማጠጫ ያለው ማሽን ላይ ደግሞ አንድ የሚገርም ኩራት አለ፦ «የእኛ ማሽን ዘይት አይፈጅም፤ ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ነው»። ዘይቱ ካልጎደለ የት ደረሰ? ቀጫጭን ቱቦዎቹ ወይም ዘይቱን የሚመጥኑት ቫልቮች ተደፍነዋል፤ ፓምፑ ቢሠራም ለስክሩው ጠብ አይልለትም። ጤነኛ ገንዳ ይጎድላል። በየሳምንቱ የዘይቱን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ካልወረደ ቱቦውን ዳዶው ላይ ፈታችሁ ዘይት ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። ቅባት ማጣት ምን እንደሚያመጣ የቦል ስክሩ ዘመድ የሆነው ተራ ቪቴ አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 የአላስካ ኤርላይንስ በረራ 261 ሲከሰከስ 88 ሰዎች ያለቁት የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ቪቴ ቅባት አጥቶ የዳዶው ጥርስ ስለተበላ ነበር።

ስክሩው በእርግጥ አልቆ አዲስ ሲመጣ ዳዶውን ከዘንጉ ላይ እያዞራችሁ አታውጡት፤ ኳሶቹ ወለል ላይ ይበተናሉ። የተበተነውን ለቅሞ ከሌላ ኳስ ጋር መቀላቀልም አይሆንም፤ ከጓደኞቿ በጥቂት ማይክሮን የበለጠች አንዲት ኳስ ጭነቱን ብቻዋን ትሸከማለች። የግድ መውጣት ካለበት ከቦዩ ሥር ትንሽ የሚቀጥን ቱቦ ከዘንጉ ጫፍ ጋር ገጥማችሁ ዳዶውን ወደ እሱ አሻግሩት። ኩሽኔታዎቹንም ከስክሩው ጋር አብራችሁ እዘዙ። ስትገጥሙ የዳዶውን ብሎኖች መጀመሪያ ልል አድርጋችሁ እሰሩ፤ ጠረጴዛውን ወደ አንዱ ጫፍ፣ ኩሽኔታው አጠገብ ድረስ አስጠጉና እዚያ አጥብቁ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ አስኪዱና በእጅ አዙሩት። አንዱ ዳር ላይ ከከበደ መስመሩ ተጣሟል ማለት ነውና ፈትታችሁ እንደገና ጀምሩ።